ቀዩ የጠፋበት ክረምት

ሰኞ 3

ዝናቡ ገባ፣ ማሽኑ ወጣ። ለዓመታት የአክታ ምርመራውን ሲሠራልን የኖረው ማሽን ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ። ጠጋኙ መጥቶ ሆዱን ከፍቶ አየና "ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው" ብሎ ክዳኑን መለሰበት። ሰው ሁሉ ሲያዝን እኔ በውስጤ ደስ አለኝ። ወደ ድሮ ሥራዬ መመለሴ ነው፤ ስላይድ፣ ቀለም፣ የእሳት ነበልባል፣ ማይክሮስኮፕ። በሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች እየፈለጉ መዋል። የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ በዚያ መስታወት ሲታይ ያምራል ብል ሰው ይቀየመኛል። ግን ያምራል።

በክፍሉ ያለነው ሁለት ነን፣ እኔና ጋሼ ዝግታ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እኔ ሦስት ስላይድ ስጨርስ እሱ ገና መነጽሩን እየጠረገ ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል። "እስኪሄድ ድረስ በሽተኛው ተሰናብቶናል" እለዋለሁ። አስቸጋሪ ስላይድ ሲመጣ ዶክተሩ የሚልከው ለእኔ ነው። አንድ ቀን ለተለማማጆቹ "የእሷ ዓይን ካላየ የለም ማለት ነው" ሲላቸው በር ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲሞቀኝ ዋለ።

መድኃኒቴን ውጫለሁ።

ሐሙስ 6

በሽታውን ስፈልግ በሽታው እኔን አገኘኝ። ከዝናቡ በፊት ነው፤ ሳሉን "አቧራ ነው" እያልኩ ስንት ሳምንት ይዤው ከረምኩ፣ በመጨረሻ ወንድሜ እየጎተተ አስመረመረኝ። አሁን ወደ ሰው አላስተላልፍም፣ ሥራዬም ላይ ተመልሻለሁ። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ጉበቴን አስቆጥቶት ወጣ። የቀሩትን ደግሞ ከሌላው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ እንድወስድ ታዘዘ። ከቀሩት መካከል ኢታምቡቶል የሚባለው ዓይን ላይ ክፉ ነው፤ ስለዚህ ሲስተር በየወሩ ዓይኔን ታየኛለች።

ዛሬ ቀኑ ነበር። ያቺን ባለነጠብጣብ መጽሐፍ አወጣች። በነጠብጣቦቹ ውስጥ ቁጥር ተደብቋል፣ ቀይና አረንጓዴ የሚለይ ዓይን ያነበዋል። የሲስተር ጠረጴዛ ከእኔ በር ፊት ለፊት ስለሆነ በሽተኞች ቁጥሮቹን በተራ ሲጠሩ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ። ገጹን ገልጣ ሳትጨርስ መለስኩላት። "አንቺስ ንስር ነሽ!" ብላ ካርዴ ላይ "ደህና" ብላ ጻፈች።

መጽሐፏ አርጅታለች፤ ገጾቿ ደብዝዘዋል። ሌላ ብታስገዛ ይሻላል።

እሑድ 9

ዛሬ ቤት ውስጥ መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ። የምኖረው ከታናሽ ወንድሜና ከሚስቱ ጋር ነው። ሚስቱን ሳቂታ እላታለሁ፤ ሳትስቅ "ደህና አደርሽ" ማለት አትችልም። ገና መዳህ የጀመረ ልጃቸውን ደግሞ ድንቡሼ። ጠዋት ቲማቲም ግዢ አሉኝና ከጥጉ ሱቅ መርጬ፣ እያገላበጥኩ አይቼ አመጣሁ። ወንድሜ ፌስታሉን ከፍቶ አየኝ።

"እታለም፣ እነዚህ ቲማቲሞች ገና ትምህርት ቤት አልገቡም እኮ።"

ሳቂታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ተዋት፣ እትዬ አሳድጋ ልትበላቸው ነው!" ስትስቅ ሳል ያዛት። ልጁን ለአባቱ ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳሉ ቶሎ አልለቀቃትም።

ባለሱቁ ብርሃን የለውም፣ አንዲት አምፖል ነው ያለችው። ሳቂታ ከወንድሜ ጋር ባጋባኋት ቀን የለበሰችው ቀይ ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት፤ አመድ መስሏል። እንዴት ያለ ሳሙና ነው የምትጠቀመው?

ማክሰኞ 11

ቀለሙ የማይረባ ነው። አዲሱ ጠርሙስ። ደጋግሜ በእሳት አሞቅኩት፣ ያው። ጠዋት ያነበብኩት ሁሉ ነጌቲቭ። ወረፋ እስከ ደጅ። ምሳ የለም።

ቅዳሜ 15

ዛሬ ከሥራ በእግሬ መጣሁ። ጉም መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ ቤቶቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ሁሉ ነገር አንድ ዓይነት ልብስ የለበሰ ይመስላል፤ ዛፉም፣ አጥሩም፣ የሰዎቹ ጃንጥላም። ጸጥ ያለ ዓለም ነው። በዚህ ጉም ውስጥ ለዘላለም ብሄድ ቅር አይለኝም ብዬ አሰብኩ። መስቀለኛው መንገድ ላይ መብራቱን ትቼ ሰዎቹ ሲሻገሩ ተሻገርኩ። ይሄ ከመቼ ወዲህ የያዝኩት ልማድ እንደሆነ አላስታውስም።

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ወንዝ ዳር ተቀምጫለሁ፣ ወንዙ ሰማያዊ ነው። ከላይ ቀያይ ዘንጎች እየተንሳፈፉ ይመጣሉ፤ እንደ ስለት ጠርተው፣ አንድ በአንድ። እጄን ስሰድ ውሃው ሞቃት ነበር። ስነቃ ደስ ብሎኝ ነበር የነቃሁት፣ ከዚያ ምክንያቱ ገባኝ። እንደዚያ ያለ ቀይ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ድካም ነው። ሰው ሲደክመው ዓይኑም ይደክመዋል።

ረቡዕ 19

ሳቂታን ወደ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። አልሄድም ብላ ነበር፤ "ልጅ የምታጠባ ሁሉ ትከሳለች" ትላለች። ግን ልብሷ ማታ ማታ በላብ እየራሰ ወንድሜ አንሶላ ሲቀይር አይቻለሁ። እኔ ስታመም የቤቱ ሰው ሁሉ ተመርምሮ ነጻ ነው ተብሏል። እሷም ነጻ ነበረች። ዶክተሩ ደረቷን አዳመጠ፣ ራጅ አስነሣት፤ "ጥርት ያለ አይደለም፣ የሳንባ ምችም ሊሆን ይችላል። አክታው ይነግረናል" አለ።

አክታውን ራሴ ተቀበልኩ፤ ራሴ ቀባሁት፣ ራሴ ቀለም አስገባሁት። ጋሼ ዝግታ "የቤተሰብ ነው፣ እኔ ልየው" አለ። "ለቤተሰቤማ ጥሩውን ዓይን ነው የምሰጠው" አልኩት። ተቀየመ መሰለኝ፤ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ።

ከሌላው ስላይድ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰድኩበት። ከዳር እስከ ዳር፣ መስክ በመስክ። አንዳንድ ቦታ ጥላ የሚመስል ቀጭን ነገር ያለ መሰለኝ፤ ትኩር ስልበት መሐሉ ላይ ጭስ ይመጣና ይከድነዋል። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ። ቀይ የለም። ነጌቲቭ ብዬ ጻፍኩ። ውጭ አግዳሚው ላይ ልጇን ታቅፋ ስትጠብቀኝ አገኘኋትና "ነጻ ነሽ!" አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። "አንቺ ካልሽማ አለቀ!" አለች።

ሰኞ 24

የሳቂታ ሁለተኛው ስላይድም ነጌቲቭ። ዶክተሩ የሳንባ ምች መድኃኒት አዘዘላት፣ "ካልተሻላት ተመለሱ"። ወንድሜ ከደስታው ብዛት አንድ ሳጥን ብርቱካን ገዝቶ ገባ። እኔ ሎሚ መስሎኝ ነበር፤ ሸተተኝና ገባኝ።

አርብ 28

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ስላይድ ማጠቢያው ጋ ቆሜ በግድግዳው ማዶ ጋሼ ዝግታና ሲስተር ሲያወሩ ሰማሁ።

"በእሷ በኩል ፖዘቲቭ የሚባል ነገር ጠፋ እኮ" አለ እሱ።

"ዝናቡ ይሆናል፤ ሰው ከቤት አይወጣም" አለች።

"በእኔ በኩልማ አለ።"

ደሜ ፈላ። ገብቼ ጠረጴዛው ላይ የስላይዱን ሳጥን አስቀመጥኩበት፣ ድምፅ እንዲያወጣ አድርጌ። ቀና ብሎ አየኝ። "እህቴ፣ አንዳንዱን ደግሜ ልይልሽ? አንቺም ታመሽ የተነሣሽ ሰው ነሽ" አለ። በለሆሳስ ነው ያለው። ያ ለሆሳስ ነው የገደለኝ። "የራስህን ወረፋ ጨርስ መጀመሪያ!" አልኩት። ያነበብነው ስላይድ ሁሉ እኮ በሳጥን ተቀምጦ ተቆጣጣሪዎች መጥተው በድጋሚ ያዩታል፤ ስህተት ካለ ያኔ ይታያል። ምን አስቸኮለው?

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀለሙ ነው የተበላሸው።

የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ምን ዓይነት መሐላ ነው እሱ ደግሞ።

ረቡዕ 3

አዲስ ወር። የማይክሮስኮፑን አምፖል አስቀየርኩ። ያው ነው።

ሲስተር ዛሬ አዲስ በሽተኛ ይዛ ስትመክር ነበር፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ የተሰማሽን ሁሉ ንገሪኝ።" ሴትዮዋ እሺ እሺ ትላለች። እኔም ከበሬ ሆኜ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማኋት።

ብናገር ምን ይሆናል? አንዱ መድኃኒት ቀድሞ ወጥቷል፤ ይሄ ሁለተኛው ከወጣ ምን ይቀረኛል? በሽታው ቢመለስስ? ከዚያ ደግሞ "ማይክሮስኮፕ ላይ አትቀመጪ" ይላሉ። ከእሱ ሌላ እኔ ምን አውቃለሁ? አላገባሁ፣ አልወለድኩ፤ ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "አያለሁ" ብል ይበቃኝ ነበር።

ግን የምናገረው ነገርም እኮ የለም። ትንሽ ድብዝዝ ማለት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይጠራል።

ሳቂታን ሳሉ አልተሻላትም። ሌሊት በግድግዳው ይሰማኛል፤ ልጁን ላለመቀስቀስ ትራስ ውስጥ ስትስል ደግሞ የበለጠ ይሰማኛል። በሳሉ መሐል እንቅልፍ ሲወስደኝ ያው ወንዝ ይመጣል። አሁን ዘንጎቹ የሉበትም፣ ውሃው ብቻ ይሄዳል።

እሑድ 7



ቁርስ ላይ ነበርን። ሳቂታ ከመኝታ ቤት ሶፍት አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ፊቷ ነጥቷል። ሶፍቱን ከእጇ ተቀበልኩና አየሁት፤ ቡናማ ነገር ነክቶታል።

"ሻይ ተደፋብሽ እንዴ?" አልኳት።

 ድንቡሼ ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ ይመታል። ወንድሜ ሶፍቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"እታለም፣ ምን ነካሽ? ደም እኮ ነው።"

ክው አልኩ። "አዎ... አዎ፣ ደም ነው፣ ማለቴ..." ሶፍቱን ይዤ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ዛሬ ፀሐይ አለ፤ ወር ሙሉ ጠፍቶ ዛሬ ወጥቷል። በዚያ ሁሉ ብርሃን አገላበጥኩት። ቡናማ። አመድማ። ደም ቀይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዓይኔ ግን ሻይ ነው ይለኛል።

ወንድሜ ከኋላዬ ይጮኻል፤ "ምንድን ነው? ነጻ ናት አላልሽም? ነጻ ናት አላልሽንም?" ሳቂታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ "አትቆጣት፣ ደነገጠች እኮ" ትላለች። እሷ ናት ደም የምትተፋው፣ የምታባብለው ግን እኔን።

ሰኞ 8

ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ከሳጥኑ ውስጥ የሳቂታን ሁለት ስላይዶች አወጣሁ። ጋሼ ዝግታ እንደ ልማዱ ጃንጥላውን አራግፎ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ ጋዋኑን እስኪቆልፍ ጠበቅኩት። ዛሬ አልቸኮልኩበትም።

"ይሄን እይልኝ" አልኩት።

የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ዓይኑን አስጠጋ። እኔ የእሱን እጅ ነበር የማየው፤ መዘወሪያውን ትንሽ አዞረና ቆመ። ወዲያው ነው የቆመው፤ ያ ሁሉ ዝግተኛ ሰው በመጀመሪያው መስክ ላይ ቆመ። ቀና አላለም።

"ንገረኝ" አልኩት።

"ሞልቷል።"

"ቀይ ነው?"

"ቀይ ነው፣ እህቴ። ጥርት ያለ ቀይ።" ከዚያ ወንበሩን ለቀቀልኝ። "ነይ እስኪ እይው።"

ቁጭ ብዬ አየሁ። እሱ በተወው ቦታ፣ እሱ ባስተካከለው ብርሃን። ጉም ብቻ። አንድ ዘንግ እንኳ ባይ ብዬ ለመንኩ፣ ማንን እንደለመንኩ አላውቅም። እንባዬ መስታወቱን አረጠበው። ጋሼ ዝግታ ከኋላዬ ቆሞ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ። ሆዴ ያውቀው የነበረውን ያን ጊዜ በአፌ ተናገርኩ። "ዝናቡ ሳይገባ" አልኩት።

ለዶክተሩም ነገርኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ መጽሐፏን በቃሌ እንደመለስኩላት ለሲስተር ነገርኳት። ሲስተር አልተቆጣችም፤ መጽሐፏን መሳቢያ ውስጥ ከተተች። "እኔም እኮ በወጉ ጠይቄ አላየሁሽም" አለች።

ሐሙስ 11

ኢታምቡቶሉ ቆመ። የዓይን ሐኪሙ አየኝ፤ "ቀድመሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር። ይመለስ ይሆናል፣ በወራት ነው የሚታወቀው። ላይመለስም ይችላል" አለ። በምትኩ ሌላ ተሰጠኝ። ፈራሁት ያልኩት ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ፍሬ ወጥቶ ሌላ ፍሬ ገባ።

ሳቂታ መድኃኒት ጀመረች። የእሷ አራቱም በአንድ ፍሬ ውስጥ ናቸው። ድንቡሼን ሲመረምሩት አልታመመም፤ መከላከያውን በውሃ አሟሙተው ይሰጡታል፣ ይተፋዋል፣ እንደገና ይሰጡታል። በአግዳሚው ላይ ስንጠብቅ ወንድሜ ወለሉን እያየ "ከየት አመጣችው ግን? ከቤት አትወጣም እኮ" አለ።

ያን ሳል ይዤ የከረምኩት እዚያው ቤት ነው። ቤት ስንገባ የተጠራቀመውን ብርጭቆ ሁሉ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ።

ማታ ወንድሜ በሬ ላይ ቆመ፣ አልገባም። "አንቺን አምነን ነው እኮ የተቀመጥነው" አለኝ። "ሌላ ቦታ እንወስዳት ነበር። አንቺን አምነን።" ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "እውነትህን ነው" ብቻ አልኩት። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሰኞ 22

ከዝናቡ ወዲህ ያነበብኩትን ስላይድ ሁሉ ጋሼ ዝግታ ደግሞ እያየ ነው። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ነው አሁን የሚቀመጠው። ያመለጡኝ ሰዎች እየተጠሩ ነው፤ አብዛኞቹ መጡ። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ መጥታ "ተሳስተን ነበር ይቅርታ" ስንላት "ከመቅረት ይሻላል" ብላ ሳቀችልን። አንድ የሌሊት ዘበኛ ግን ስልኩን አያነሣም። የሠፈሩ ጤና ሠራተኛ ቤቱ ሄዳ ነበር፤ ተከራይ ነው፣ ለቅቋል አሏት። ፊቱን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። አክታውን ሲሰጠኝ "ይቺ ሳል እንቅልፍ ከለከለችኝ" ብሎ ነበር፣ እኔም "ለዘበኛ ይጠቅማል" ብዬው ተሳስቀናል።

በየቀኑ እደውልለታለሁ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል።

አሁን ሥራዬ በር ላይ ነው። አክታ መቀበል፣ ስም መጻፍ፣ ለሰው ወንበር ማሳየት። ጋሼ ዝግታ አስቸጋሪ ነገር ሲገጥመው ከውስጥ ይጠራኝና የሚያየውን በቃሉ ይነግረኛል፤ ቅርጹን፣ ርዝመቱን፣ እንዴት እንደተጣመመ። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ። እሱ ሲነግረኝ በሐሳቤ ቀይ ሆኖ ይታየኛል።

ቅዳሜ 18

ሌላ ወር። ዝናቡ እየራቀ ነው። ሳቂታ ክብደት ጨምራለች፣ ሳሉም ትቷታል። ወንድሜ ያናግረኛል። እንደ ድሮው አይደለም፤ "ዳቦ አለ?" "አለ" ዓይነት ነው። ግን ይኸው ያናግረኛል። ዘበኛው አልተገኘም።

የሳቂታ ፍሬ ውስጥ ያ የእኔን ዓይን የነካው መድኃኒት አለ። ሲስተር በየወሩ ታያታለች፣ እኔ ግን ወር መጠበቅ አልቻልኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን የድንቡሼን የፕላስቲክ ቀለበቶች አንድ በአንድ አነሣላታለሁ፤ እሷ ቀለሙን ትናገራለች። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ትክክል ስትል ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔ የማየው የእሱን ራስ ነው። ዛሬ ግን ልጁን ይዞ ወጥቶ ነበር።

"ይሄስ?"

"ቢጫ።"

"ይሄስ?"

"አረንጓዴ።"

"እርግጠኛ ነሽ? እስኪ በደንብ እይው። ከባለፈው ጋር አንድ ነው? ደብዘዝ አላለም? እንዳትደብቂኝ።"

"እትዬ!" አለች፣ ሳቀች፤ ሳል የሌለበት ሳቅ። "በምን ታውቂዋለሽ ብደብቅሽ? ማመን ነው እንጂ።"

አመንኳት። ሌላ ምን አለኝ? ከዚያ ቀለበቶቹን ከጭኔ ሰብስባ ወሰደችና አንዱን አነሣች።

"በይ አሁን ተራው ያንቺ ነው።"

ቀለበቱን አየሁት። ከታች ሁለተኛ ሆኖ የሚገባው ነው፤ መጠኑን አውቀዋለሁ። ለልጇ ስትደረድርለት፣ ከታች ጀምራ እየዘመረች ቀለማቸውን ስትጠራለት በግድግዳው ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ቅደም ተከተሉ ምላሴ ላይ ነበር። እሷ ቀለበቱን እንደያዘች ትጠብቀኛለች፣ አትስቅም።

"አላውቅም" አልኳት።

"ቀይ ነው፣ እትዬ" አለችኝ።